ሕዋስ ሽፋኑን እንዴት ይሠራል

ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ እንዳስተምር የተመደብኩት በደርግ ዘመን፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ባክቴሪያዎች ገላቸውን የሚሸፍኑበትን ስብ እንዴት እንደሚሠሩ የሚመለከት ነበር። ትምህርቱን እቀጥላለሁ የሚል ተስፋ ስለነበረኝ ከቤተ መጻሕፍት የገለበጥኩትን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። ከሥራ ስመለስ ያንን በአማርኛ እያደረግሁ በአንድ ወፍራም ደብተር እጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ «ሕዋስ ሽፋኑን እንዴት ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያን ጊዜ ሕዋስ የሚለው ቃል የባዮሎጂ ብቻ አልነበረም። በስውር የሚሰበሰቡ የፖለቲካ ቡድኖችም ሕዋስ ይባሉ ነበር። ይህን እያወቅሁ እንዴት እንደጻፍኩት ዛሬም አይገባኝም።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት አሰሳ መጣ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ሻንጣዬን ገልብጠው ደብተሩን አገኙ። አንደኛው ርእሱን ጮክ ብሎ አነበበና ጓደኛውን አየው። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልፈለጉም፤ ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ።

ቀበሌው ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንዱ የአውራጃው ካድሬ፣ ሁለተኛው ጸሐፊ፣ ሦስተኛው የፍርድ ሸንጎው አባል የሆኑ ሽማግሌ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ስለነበሩ የከተማው ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል።

ካድሬው ደብተሩን ገልጦ ወደኔ አዞረው።

«ጓዲት፣ ይህ ሰንሰለት ምንድን ነው?»

«የስብ ሰንሰለት ነው።»

«አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት የሚለውስ? የአባላት ቁጥር ነው?»

«የካርቦኖች ቁጥር ነው።»

«ይኸኛው ለምን ጎበጠ?»

ድምፄ እንደ ክፍል ውስጥ ድምፄ ነበር። በዚህ ብርድ ቅቤ ይረጋል፣ የኑግ ዘይት ግን አይረጋም ብዬ ጀመርኩ። የቅቤው ሰንሰለቶች አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ እንደተደረደረ ፍልጥ ይጠጋጋሉ። የዘይቱ ጎባጣ ስለሆኑ አይገጥሙም። ባክቴሪያም ሽፋኑ ከረጋበት አይኖርም፤ ስለዚህ ሲበርደው ጎባጣውን ያበዛል። ይህን የሚሠሩለት ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይሙ ጎድጓዳ ስፍራ አለው፤ ሰንሰለቱ እዚያ ገብቶ ይረዝማል። ጎድጓዳው ጥልቅ ከሆነ ረጅም ሰንሰለት ይወጣል፣ ካልሆነ አጭር። ጎባጣውን ሊቀበል የሚችል ቅርጽ ያለው ኢንዛይም ደግሞ ጎባጣውን ያስረዝማል።

«ጎድጓዳውን አይተሽዋል?» አለ ካድሬው።

«አላየሁትም። ከሚወጣው ስብ ተነሥተን ነው የምንገምተው።»

«እንግዲያው የሣልሽው ያላየሽውን ነው።»

የኔታ እስከዚያ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት።

«ልጄ፣ ይህ ሠሪ ያልሽው ማደሪያው የት ነው?» አሉኝ።

«አንዳንዱ እዚያው ሽፋኑ ውስጥ ነው፣ የኔታ።»

«ሽፋኑን የሠራው እሱ ከሆነ፣ ሽፋኑ ሳይኖር የት ተቀምጦ ሠራው?»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ሕዋስ ከሕዋስ ነው የሚወለደው፤ ሽፋኑንም ከእናቱ ይወርሳል። የመጀመሪያዪቱን እናት ማን እንዳለበሳት ግን አላውቅም» አልኳቸው።

የኔታ ወደ ካድሬው ዞሩ። «ይቺ ልጅ የምትናገረው ትምህርት ነው። ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም።»

ካድሬው ግን አልረካም። የቢቸና መምህራንን አያምንም፤ የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ሠራተኛም በዘመቻ ሄዶ ነበር። ስለዚህ ደብተሩ ለሞጣ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ተልኮ እንዲጣራ አዘዘ። እስኪጣራ ዘጠኝ ቀን ከአራት ሴቶች ጋር በቀበሌው እስር ቤት ቆየሁ። የቤት አከራዬ ምግብ ታመጣልኝ ነበር። ብዙ አላለቀስኩም። ያለ እንቅልፍ የማስበው የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደጻፍኩ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ከሞጣ መልስ መጣ። ማኅተም ያለበት አንድ መስመር ነው፦ «ስለ ባክቴሪያ የተጻፈ ትምህርት ነው፤ ይዘቱም ትክክል ነው።» እኔን ለቀቁኝ፣ ደብተሩን አስቀሩት። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ሞጣ በገባሁ በሳምንቱ ያንን መስመር የጻፈውን ሰው ጤና ጣቢያው ድረስ ሄጄ አገኘሁት። የሞጣ ነባር ሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሲል ዓይኑን የሚያሽ ሰው። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ወንበር ሳበልኝ።

«ባክቴሪያ የሚለውን አወቅሁት» አለኝ። «የቀረው፣ እውነቴን ነው፣ አንዱም አልገባኝም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ይዘቱ ትክክል ነው ብለው እንዴት ፈረሙ?»

«አልገባኝም ብዬ ብመልሰው ደብረ ማርቆስ ይልኩት ነበር። አንቺንም አብረው።»

ስህተት ሆኖ ቢገኝ እሱ ምን ይደርስበት እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

«በይ አሁን አስረጂኝ» አለ። «የፈረምኩበትን ልወቅ።»

ከውጤት መጻፊያ ወረቀቶቹ አንዱን ገልብጬ ቀጥ ያለውን ሰንሰለት ሣልኩለት። ጎባጣውን ስጀምር አንዲት ሴት የሚያስል ሕፃን አዝላ ገባች። ተነሥቶ ተቀበላት። ከዚያ በኋላ ሦስት ጠዋት እየሄድኩ አስረድቼ ጨረስኩለት። ወደ ዩኒቨርሲቲ አልተመለስኩም፤ ሞጣ አሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩ።