እትዬ አስካለን አሥራ አንድ ጊዜ የገደለው ገጽ

በአራዳ ምድር ከእኔ የተሻለ ፕሮግራም ሠሪ የለም። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲል እስካሁን አልሰማሁም። ኮምፒዩተር ፊት ከመቀመጥ ብዛት ወገቤ እንደ ቅንፍ ጎብጧል። የተበላሸ ኮድ እኔ ወንበር ስስብ ደንግጦ ራሱን ያስተካክላል እያልኩ የማወራውን የፒያሳ ካፌ አስተናጋጆች በቃላቸው ይዘውታል።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የደረሰብኝ ነገር ግን ይህን ጉራ ጀምሬው መሐል ላይ ያስቆመኛል። ስልክ ሲንቀጠቀጥ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በዚህ ዘመን ደግሞ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚውለው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ። ሰፈሩ ፈርሶ አብዛኛው የእድራችን አባል ወደ አያት፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ከተበተነ ወዲህ የእድሩ ጡሩምባ አልሰማ አለ። ጡሩምባ ነፊያችን ጋሽ እንድሪስ ሳንባቸው የባቡር ነው፤ ቢሆንም ጀሞ አይደርስም። ስለዚህ ኮሚቴው፣ ሰው ሲሞት ለአባላቱ በሙሉ በስልክ መልእክት የሚልክ ድረ ገጽ እንድሠራ ለመነኝ።

«ጡሩምባውን ጡረታ አወጣዋለሁ!» አልኩ በስብሰባው ላይ። ጋሽ እንድሪስ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ጡሩምባቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

ሥራውን ስፈትን ሟች አስፈለገኝ። ፕሮግራሙ ባዶ ስም አይቀበልም፤ እንዳይቀበል ያደረግኩት እኔው ነኝ። ወዲያው እዚያው ፒያሳ አካባቢ የቀሩት እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ። በዚያው ስብሰባ ላይ «ይሄ ሰውዬ ድንኳን ሲተከል ወገቤን ይላል፤ ንፍሮ ሲመጣ ወገቡ ይሽራል» ብለው ያሳቁብኝ ሴት ናቸው። ጤናቸው ብረት ነው። ሲያስነጥሱ የጎረቤት መስኮት ይከፈታል። «ወይዘሮ አስካለ ዐርፈዋል፤ ቀብር ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩና ወደ ራሴ ስልክ ላክሁት። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ረሳሁት።

ዓርብ ዕለት የእድሩ ጸሐፊ በእኔ የሙከራ ቁጥር ቦታ የሌሎቹን አባላት ስልክ ቁጥር በሙሉ አስገብተው ጨረሱ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ እንድሪስን ፒያሳ አንድ ካፌ ቀጠርኳቸው። ከእንግዲህ መልእክቱን የሚልኩት እሳቸው እንዲሆኑ ተወስኗል፤ አላማጃቸው እኔ ነኝ። ማኪያቶ አዘዝን። ላፕቶፔን ከፍቼ «ይመልከቱ እንግዲህ» አልኩና የማስታወቂያውን ገጽ ከፈትኩ።

ኪሳቸው ተንቀጠቀጠ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ኢና ሊላሂ! አስካለ! አሁን ስመጣ ሽንኩርት ሻጩን ሲሰድቡት አይቻቸው የለም እንዴ?»

ማኪያቶዬን አስቀመጥኩ። «ስህተት ነው ጋሽ እንድሪስ። የሙከራ ነው። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

ለማን ለማን እንደተላከ ለማየት ገጹን ድጋሚ ከፈትኩ። ኪሳቸው ድጋሚ ተንቀጠቀጠ።

«ድጋሚ ሞቱ» አሉኝ።

ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የሚደውል ሰው ጠበቅሁ። አንድ ሰው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ውሸት ነው እላለሁ፣ ወሬው ይዛመታል፣ ነገሩ ያልቃል። ማንም አልደወለም። ለካ እኛ አገር ለሞት ደውሎ አይጣራም፤ ነውር ነው። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ብድግ ይላል እንጂ። ያ ሁሉ ዝምታ ሰው ታክሲ ውስጥ መሆኑን ነው የሚናገረው።

«ራሔልስ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ በድንገት።

ራሔል የእትዬ አስካለ አንዲት ልጃቸው ናት። አዳማ ነው ያገባችው፤ ያን ሳምንት ትወልዳለች ተብላ ትጠበቃለች። ቁጥሯ ከአባላቱ ዝርዝር ውስጥ አለ። ያላበኝ የሰውነት ክፍል ቢኖር ጥርሴ ብቻ ነው። ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ይህን አይታ ወድቃ ቢሆንስ? አጠገቧ ሰው ባይኖርስ?

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ለመናገር ያሳፍረኛል። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩት። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። አንድ ቦታ እነካካለሁ፣ ተስተካክሎ እንደሆነ ለማየት ገጹን እከፍታለሁ፤ የጋሽ እንድሪስ ኪስ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ቦታ እነካካለሁ፣ እከፍታለሁ፤ ይንቀጠቀጣል። ስማቸውን ልሰርዝ አልኩ። መሰረዣ የለውም! የሞተ ሰው አይነሳም ብዬ መሰረዣውን የከለከልኩት እኔው ነኝ። ድረ ገጹን የሠራሁበትን ዝግጁ ማዕቀፍ፣ ፍሬምወርኩን፣ ረገምኩ፣ የሠራውን ሰው ረገምኩ፣ እስከ ሰባት ቤት አያቱን ረገምኩ። የማኪያቶው ብርጭቆ ተገለበጠ። አስተናጋጇ ጨርቅ ይዛ መጥታ ፊቴን ስታይ ሳትጠርግ ተመለሰች። በየደቂቃው ራሔል ጋ እደውላለሁ። ዝግ ነው።

ጋሽ እንድሪስ መዳፋቸውን እጄ ላይ ጫኑት። «አንተ ልጅ፣ ቆይ።»

«ይተዉኝ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

«ሥራህንማ እያየሁት ነው። ያን ገጽ በከፈትክ ቁጥር ነው ኪሴ የሚንቀጠቀጠው። ሳትከፍተው ዝም ይላል። እስኪ አንዴ ክፈት።»

ከፈትኩ። ተንቀጠቀጠ።

«አሥራ አንድ» አሉ። ሲቆጥሩ ነው የቆዩት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ዓይነቱ ፍሬምወርክ ሥራን ሦስት ቦታ ይከፍላል። እዚያው ፒያሳ ያለ ኬክ ቤት አስቡ። ጓዳ ያለው ምድጃ ሞዴሉ ነው፤ ዕቃው እዚያ ይዘጋጃል። ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያደርሰው አስተናጋጅ ኮንትሮለሩ ነው። ደንበኛው የሚያየው የመስታወት መደርደሪያ ቪው ነው፤ ሥራው ማሳየት ብቻ ነው። እኔ ቸኩዬ መልእክት የምትልከውን መስመር የከተትኳት መስታወቱ ውስጥ ነው። ኬኩን ያየ ሁሉ ለከተማው በሙሉ ኬክ አዝዟል ማለት ነው።

መስመሯን ቆርጬ ጣልኳት። «አሁን የእርማት መልእክት ልላክ» አልኩ።

«ከእንግዲህ ያንተን ማሽን ማን ያምናል?» አሉ ጋሽ እንድሪስ እየተነሱ። «ደግሞ ታክሲ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ስልኩን አያይም።» ከፌስታላቸው ውስጥ ያን ጡረታ አወጣዋለሁ ያልኩትን ጡሩምባ አወጡ።

ታክሲ ማውረጃው ጋ ቆመው ነፉት። ፒያሳ ቀጥ አለ። የወርቅ ቤት ሻጮች ደጅ ወጡ። «የዶሮ ማነቂያ እድር አባላት! አስካለ አልሞቱም! ተመለሱ! አልሞቱም!» ከታክሲ የሚወርዱት ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ቆመው ቀሩ። አንዷ እንባዋን ሳትጠርግ «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለች።

«የዚህ ሰውዬ ጭንቅላት!» አሉ ጋሽ እንድሪስ እኔን እያሳዩ።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ስልኬን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። የራሔል ስልክ አሁንም ዝግ ነው።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ የጋሽ እንድሪስ ስልክ ጠራ። የራሔል ባል ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ተጠግቼ ሰማሁት። «ጋሽ እንድሪስ፣ መልእክቱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ስልኳን አጥፍቼ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ከወለደች በኋላ በሽማግሌ እናረዳታለን። እኔ ለቀብሩ መንገድ ላይ ነኝ።»

«ተመለስ ልጄ። አማትህ ይኸው ጫማቸውን አውልቀው አንድ ሰው እየፈለጉ ነው።»

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ አስካለ እውነትም አንድ እግራቸውን ባዶ አድርገው ደርሰዋል።

«ቀብሬ ስንት ሰዓት ነው? እንዳላረፍድ!» አሉኝ። ምን ዓይነት ሰው ስማቸውን እንደጻፈ ሲጠይቁኝ ኔትወርኩ ስም አደባልቆ ነው አልኳቸው። ጫማው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ከጥፋቴ አንጻር ቀሎኛል። ከዚያ ሊያለቅሱላቸው የመጡትን አንድ በአንድ እያዩ ከቆዩ በኋላ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ጓደኛሽ ነኝ የምትለኝ ዘነበች አልመጣችም?»

ሕዝቡ ሲበተን ጋሽ እንድሪስ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «እኔ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ሬሳውን በዓይኔ ሳላይ ነፍቼ አላውቅም» አሉኝ። «ያንተ ማሽን ማንን ጠይቆ ነው የሚነፋው?»

አሁን እሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው አይተው ካልፈቀዱ አንድም መልእክት አይወጣም። ያንን ክፍል የሠራሁት በዚያው ሳምንት ነው። መሰረዣም ጨመርኩበት።

ራሔል በሰላም ሴት ልጅ ወልዳለች። ስለዚያ ቀን ለእሷ የነገራት የለም። እኔ ግን እስካሁን አንድ ገጽ ከመክፈቴ በፊት ጣቴ አየር ላይ ይቆማል፤ ኪሴ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አዳምጣለሁ።

በማግስቱ ለኮሚቴውም ቢሆን «የኔትወርክ ችግር ነው» አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ በዚህ ከተማ ይህን የማያምን የለም። ጋሽ እንድሪስ ብቻ አየት አድርገውኝ ጡሩምባቸውን መጥረግ ቀጠሉ። እትዬ አስካለ እስከ ዛሬ የሚረግሙት ኔትወርኩን ነው።

ኔትወርኩ ያን ቀን ደህና ነበር። ስማቸውን በቂም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንዱንም መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ።