ሚኒሞ አልይዝ ያለችው መኪና

ከሶዶ ራቅ ባለችው የወላይታ ከተማ፣ ሃላሌ ላይ፣ ስፖርት መኪና መግዛቴን የሰማ ሁሉ ስቆብኛል፤ ይሳቅ። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ ቀይ መኪና ናት። ከሶዶ የሚዛወር አንድ መምህር ሲሸጣት ሌላ ለማማረጥ ጊዜ አልነበረኝም። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችን፣ መኪና ስንፈልግ ውለን ሶዶ ስንደርስ፣ እሆዷ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። ለሁለተኛው ልጅ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን። በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው፣ ምጥ ከጀመረሽ አንድ ሰዓት እንኳ ቤት እንዳትቆዪ አላት። እንግዲህ ስፖርትም ትሁን ምንም፣ ደጄ ላይ የቆመ ሞተር ያስፈልገኝ ነበር።

መኪናዋን ያመጣሁ ዕለት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ቅቤ ይዘው መጡ። እኔ በሥራ ተመድቤ ከሌላ አገር የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ወላይታ ግን የሚከበርና የሚመረቅ ሰው ራሱን ቅቤ እንደሚቀባ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ሙሽራ ይቀባል፣ አራስ ትቀባለች። አማቴ መኪናዋን ያዩዋት የልጃቸውን ነፍስ እንደምትሸከም አድርገው ነው። ጣሪያዋን ሊቀቡ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ይሄንንማ ዝናብ ያጥበዋል፣ ሆዷን ክፈትልኝ አሉ። ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። በወላይትኛ እየመረቁ ሞተሩን፣ ቱቦውን፣ እጃቸው የደረሰበትን ሁሉ በለጋ ቅቤ አሹት። ምን ልበል? አማቴ ናቸው። ደግሞ እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ጣጣው ጀመረ። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ሚኒሞ አልይዝ አለች፤ ቤንዚን ካልረገጥኩላት ቆማ መሥራት አቃታት ማለቴ ነው። እኔ ሳልነካት ራሷ ትጮኻለች፣ ትወርዳለች፣ ደግማ ትጮኻለች፣ ከዚያ ተንቀጥቅጣ ጸጥ ትላለች። ፍሬኑም አንዳንዴ እግሬ ላይ ይከብደኝ ነበር። እሱን ከአሮጌነቷ ቆጥሬ ተውኩት።

ሶዶ ተመላለስኩ። የመጀመሪያው መካኒክ ካንዴላ ነው ብሎ አራቱንም ቀየረ። ሁለተኛው ካርቡራቶሩን አውርዶ በቤንዚን አጠበው። ሦስተኛው ባጃጅ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ የካርቡራቶሯን ብሎን በጠመንጃ መፍቻ አንድ ዙር አዞረና ሚኒሞውን ከፍ አደረገልኝ፣ ባጃጅ ሲያስቸግር መድኃኒቱ ያ ነውና። ሁሉም በየተራ አለቀ፣ ሂድ ብለው ሰደዱኝ። ሁሌም ታዲያ የሶዶው የዳሞታ ተራራ ከኋላዬ ሳይጠፋ ያው ጩኸት ይመለሳል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ፊቴን ታይና ሳትጠይቀኝ ትገባለች። ያን ጊዜ መኪናዋን በድንጋይ ብፈጠፍጣት ደስ ባለኝ።

አራተኛው ሽማግሌ ነበሩ። እንደሌሎቹ መፍቻ አላነሱም፤ ሞተሩን አስነስተው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ አፍንጫቸውን አስጠጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አየር ትስባለች፣ አንዱ ቱቦ ላልቷል። ቆይ፣ እዚህ ሞተር ላይ የፈሰሰ ወይም የተደረገ ነገር አለ?»

የተቃጠለ ቅቤ ይሸት ነበር። ለእሳቸው ስስ ሽታ ነው፣ እኔ ግን ከቤቴ እስከ ሶዶ ስምገው ነው የመጣሁት። ዙሪያችንን የቆሙት ሠራተኞች ያዩኛል። የተማረ ሰው፣ የቢሮ ኃላፊ፣ አማቴ ሞተሬን ቅቤ ቀቡልኝ ብዬ ጋራዥ መሃል ልናገር? ሶዶ በሙሉ ሊስቅብኝ?

«ምንም የለም» አልኳቸው።

እንግዲያው ቱቦውን ሁሉ አንድ በአንድ መፈታተሽ አለብኝ፣ ትደርና ነገ ና አሉ። የመኪናዋን ማደር ፈራሁ። ባለቤቴን ያለ መኪና ማሳደር አልቻልኩም፣ ይዣት ተመለስኩ። መውለጃዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሶዶ ወስጄ ዘመድ ቤት አሳርፋታለሁ፣ ያን ጊዜ መኪናዋን አሠራታለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ምጡ አልጠበቀኝም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለሥራ ስለባብስ ባለቤቴ ጠረጴዛውን ይዛ ጎንበስ አለች። ስልክ ያልደወልኩበት ባለመኪና የለም፤ አንዱ ሩቅ ነው፣ የሌላው ተበላሽቷል። አማቴ በዚያች ጠባብ የኋላ ወንበር ተጣጥፈው ገቡ፣ ባለቤቴን ከፊት አስተኛኋትና ወጣን። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ እንደ ሰው መኪና ሄደች። ከዚያ ጀመራት። እግሬን ከቤንዚኑ ባነሳሁ ቁጥር ልትጠፋ ትንገዳገዳለች፤ ዳገቱን እየረገጥኩ፣ እየተሳደብኩ፣ በመሃል ደግሞ እግዚአብሔርን እየለመንኩ ወጣሁት። ቁልቁለቱ መሃል አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ ከፊት ጧ አለ። ሞተሩ አንዴ ጮኸና ሞተ። ፍሬን ብረግጥ ድንጋይ ሆኗል። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ስቤ የመንገዱ ቦይ አፍ ላይ አቆምኳት።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። አላለቀሰችም።

«ይሄኛውም ሊሞት ነው?» አለችኝ።

ወርጄ ኮፈኑን ስከፍት የቅቤው ሽታ ፊቴን መታኝ። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ነገር በአንዴ የገባኝ። አየር ትስባለች ብለውኛል ሽማግሌው፤ ፍሬኑም አብሮ ሞቷል። ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ የሚሄድ፣ ሞተሩ አየር እየሳበ ፍሬኑን የሚያቀልበት አንድ ወፍራም ቱቦ አለ፤ ጫፉ ወልቆ ተንጠልጥሏል፣ ውስጡ በቀለጠ ቅቤ ያብረቀርቃል። ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ቅቤው ሲያሟልጨው፣ ትንሽ በትንሽ ሲንሸራተት ከርሞ ነው። አማቴ ወርደው አጠገቤ ቆመው ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት የያዝኩት እልህ እሳቸው ላይ ወጣ።

«በእርስዎ ቅቤ ነው ልጄ የሚሞተው!»

እሳቸው የነጠላቸውን ጠርዝ በጥርሳቸው ነክሰው ቀደዱና ሰጡኝ። በግማሹ ቱቦውን ከውስጥም ከውጭም ጠራረግኩት፣ ብረቱንም እስኪደርቅ አሸሁት፣ ቱቦውን አስገብቼ በቀረው ቁራጭ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። እግሬን አነሳሁ፤ እንዳትሞት ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አልጮኸችም፣ አልወረደችም፣ ዝም ብላ ሠራች። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ኖሯል። መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ሶዶ ሆስፒታል ድረስ ነዳሁ።

ልጄ በሕይወት ወጣች። ሐኪሙ፣ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሆስፒታል ሰንብተን ቤት ገባን። ጎረቤት አራሷንና ልጅቷን ለመቀባት ቅቤ ይዞ መጣ፤ የመጀመሪያው እጅ የአያቷ ነውና ሰው ሁሉ አማቴን ጠበቀ። እሳቸው ከመጣን ጀምሮ ልጅቷን ሳይታጠቡ አይነኩም፣ በሳሙና ሁለቴ ሦስቴ ይታጠባሉ። ያን ቀንም ቅቤውን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉና ሌላ ሰው ይቀባት አሉ። ባለቤቴ አየችኝ። መንገድ ላይ ያልኩትን ሰምታዋለች።

ጎረቤት እስኪወጣ ጠበቅኩና እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ሽማግሌው መካኒክ ሞተሩ ላይ ምን ተደረገ ብለው እንደጠየቁኝ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ምንም የለም እንዳልኩ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ቱቦው በደቂቃ ይገኝ እንደነበር ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«አፈርክብኝ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ቅቤውን ሳቡት፣ በጣታቸው ቆንጥረው የልጅቷን ራስ ቀቡ፣ በወላይትኛ መረቋት። ባለቤቴንም ቀቡ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኩ። እጃቸው አልመጣም። ቀና ስል ጣታቸውን በተቀደደው ነጠላቸው ጠርዝ እየጠረጉ ነበር። ልጄ አሁን ድክ ድክ ትላለች። ራሴን እስካሁን አልቀቡኝም።