ከእጅጌዋ ሥር

ከከተማችን ፒያሳ በተሳፈርኩበት ባጃጅ አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ የሹራቧን እጅጌ ወደ መዳፏ ስባ አፏን ሸፍናለች። ሾፌሩ «የት ትወርጃለሽ?» ሲላት ከእጅጌዋ ሥር መለሰች።

«አልሰማሁም፤ እጅሽን አውርጂና ንገሪኝ እንጂ፣ እህቴ!»

አቅጣጫውን በጣቷ ብቻ አሳየችው።

መንገድ ዳር የቆሙ፣ የእሷኑ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች አዩዋትና «ዝገቷ! እስኪ ሳቂልን!» እያሉ ጮኹ። ጥርሷን ማለታቸው ነው። ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ጠጥተን ያደግን የዚህ አካባቢ ሰዎች ብዙዎቻችን ጥርሳችን ቡናማ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ልጅም ጭምር።

ቤተ ክርስቲያኑን ስናልፍ የመዝሙር ልምምድ ይሰማ ነበር። ከንፈሯን ሳትከፍት፣ በጉሮሮዋ ብቻ ዜማውን ተከተለችው፤ አንድም ቦታ አልሳተችም።

«ኳየር ነሽ እንዴ?» አልኳት።

«ነበርኩ» አለችኝ፣ እጅጌዋን ሳታወርድ።