የዓርብ ወተት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እኔ አልረሳሁም፤ የመርሳት ሐሳቡም የለኝም።

በደርግ ዘመን አሰብ በታይፒስትነት ተመደብኩ። ጠረጴዛዬ በቢሮው ብቸኛ ቬንትሌተር ሥር ነበር። የአሰብን ሙቀት የቀመሰ ሰው ይህ ምን ያህል ሹመት እንደሆነ ያውቃል።

አለቃችን ካድሬም ነበር። ዓርብ ዓርብ ጠዋት የውይይት ክበብ ይሰበስበናል፤ እሱ ይናገራል፣ እኛ እናጨበጭባለን። አንድ ዓርብ ለእያንዳንዳችን ወተት በብርጭቆ አስቀዳ። ለደግነት መሰላችሁ? ወዲያ! ማን እንደሚጾም ሊያይ ነው። በረመዳን ለሙስሊሞቹ በቀትር ቀዝቃዛ ውሃ እንዳስቀዳላቸው ሁሉ። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጠጡ። አልፈርድባቸውም፣ ልጆች አሏቸው።

እኔ ብርጭቆዬን ገፋሁት።

«ጠጪ እንጂ፣ ጓድ!» አለኝ።

«ዛሬ ዓርብ ነው።»

«ዓርብ ምን ሆነ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰኞ ጠዋት አድኃሪ ተብዬ ወደ መጋዘን ተላክሁ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጆንያ አቧራ። መጋዘን ጠባቂው የአገሩ ሰው፣ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። «አህለን፣ እህቴ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። «እኔንም ከቢሮ ያወጣኝ ያ የረመዳን ውሃ ነው። ለአላህ ተዪው።»

ለእግዚአብሔር ተውኩት፤ ለራሴም ትንሽ አስቀረሁ።

ዓመት ሳይሞላ የአለቃው ሚስት ነጠላዋን ተከናንባ ቤቴ መጣች። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሙቀቱ ሕፃኗን አክስቷታል። ሰማንያ ቀኗ ሊደርስ ነው፣ ክርስትና ሳትነሳ አንድ ነገር ብትሆንስ?

«አንቺ የዘመድ ልጅ ናት ብለሽ በማለዳ ሹልክ አድርገሽ አስጠምቂልን» አለችኝ።

«ከሰው ሁሉ ለምን እኔ?»

«አንቺን ብቻ ነው የሚያምነው። እንደ አፏ የምትኖር እሷ ናት ይላል። እሱም እኮ ጿሚ ነው፤ የእመቤታችንን ሥዕል ጓዳ ሰቅለናል። ያን ዕለትስ መቼ ወተት ጠጣ? አስቀዳ እንጂ!»

ደሜ ፈላ። ከነጭራሹ የካደ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሱ ዓርብ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ፣ የእኔ ዓርብ መጋዘን ገባ ማለት ነው!

«ክርስትና እናት እሆናታለሁ። አባቷ ግን በገዛ እጁ ታቅፎ ያምጣት። በቀን፣ በዋናው መንገድ።»

«እንጀራውን ያጣል!»

«እኔ ያጣሁትን ይጣ።»

አለቀሰች። አላባበልኳትም። ጠዋት ለሽማግሌው ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እህቴ፣ በሕፃን ነፍስ ትዋጊያለሽ?» አሉኝ። ባይመጣም ልጅቷን ክርስትና ማንሳቴ አይቀርም ነበር፤ ይህን ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ሰማንያዋ ዓርብ ላይ ዋለ። የጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነውና መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አለቃችን ልጅቷን ታቅፎ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ በወደብ ሠራተኞች መሀል መጣ። ሰው ቆሞ አየው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ሕፃኗን ተቀብዬ፣ እንደ ሥርዓቱ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ ሰይጣንን ካድኩ። እሱ በዚያው በኩል ቆሞ ነበርና ዓይኔን አልነቀልኩበትም።

ከዚያ ቤታቸው ሽሮና ምስር ቀረበ። ያን ጊዜ የሳቁብኝ የቢሮ ሰዎች አሉ፣ ሽማግሌውም አሉ። ጓዳ ገባሁ። ለሕፃኗ የፈላ የፍየል ወተት ነበር፤ በብርጭቆ ቀድቼ አለቃው ፊት አስቀመጥኩት።

«ይጠጡ እንጂ፣ ጓድ።»

ብርጭቆውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ሰዉን አየ።

«ዛሬ… ዓርብ ነው» አለ።

«ዓርብ ምን ሆነ?»

የሳቀ የለም። «በቃ፣ እህቴ» አሉኝ ሽማግሌው፤ እኔ ግን እስኪያለቅስ ድረስ ብርጭቆውን አላነሳሁም።

ብዙም ሳይቆይ ከሥልጣኑ አወረዱት። የት ላኩት? መጋዘን፣ እኛው ጋ! ሽማግሌው ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁለት። እኔ ንቅንቅ አላልኩም።

በመጀመሪያው ዓርብ ምሳችንን ስንከፍት የሱ ሳህን ላይ ደረቅ ሽሮ ነበር። በር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ተቀምጦ ጎረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «አበልጄ፣ ሚጥሚጣ ይኖርሻል?» አለኝ።

አበልጄ! ያኔ ነው የደነገጥኩት። ላዋርደው ስሮጥ፣ ለዘላለሙ ዘመዴ አድርጌው አረፍኩት! በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ ይልቅ አበልጅ ይከብዳል፤ ክርስትና ያነሣሽውን ልጅ አባት ጠልተሽ ቤተ ክርስቲያን አትገቢም።

ሚጥሚጣውን ገፋሁለት። እጄ ነው የገፋው፤ ሆዴ እስከ ዛሬ አልተከተለውም።