የመስታወት ገመድና የዲከረንስ ከሰል

የማጠናው ነገር ለሰው ሲያወሩት አያምርም። ከፀጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ ቀዳዳዎች በንድፍ ይደረደራሉ፤ ሁለት ዓይነት ንድፎች በሚገናኙበት ወሰን ላይ ብርሃን ይታሰራል። ጥቂት ቀዳዳዎች ቢዛነፉ እንኳ አያመልጥም። ይህን ሁሉ የማውቀው በስሌት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን መስታወት በእጄ ነክቼው አላውቅም። ዳንግላ አብረውኝ የሚያስተምሩት መምህራን «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ሲያሾፉብኝ አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ያርር ነበር።

በመጨረሻ አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ትምህርት በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ሊያደርግልኝ ቀጠረኝ። የቀረ ሰው ተራው ለሌላ እንደሚሰጥ አስቀድመው ነግረውኛል፤ ዕድሜዬም ሌላ ዙር የሚያስጠብቅ አልነበረም። በቀጠሮው ቀን ዳንግላ ኢንተርኔት ቤት ስደርስ ኔትወርክ የለም። ስልክም የለም። በሚኒባስ እንጅባራ ሄድሁ፤ እዚያም የለም። ስልኬን ከፍ አድርጌ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ሰዓቱ አለፈ። ሰው እያየኝ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስሁ።

ስመለስ ወላጆቼ ያሉበት መንደር ወረድሁ። ከመንገዱ ዳር፣ አባቴ የዲከረንስ ዛፍ በተከሉበት ማሳ፣ የኔትወርክ ጠጋኞች ቆመዋል። በእኛ አገር ዲከረንስ ተቆርጦ ይከመርና አፈር ለብሶ ይከስላል። አስቸጋሪው አፈሩን መቆፈሩ ነው። አባቴ ደግሞ ሳያውቁ የኔትወርኩ የመስታወት ገመድ የተቀበረበት መስመር አፈሩ ልል ሆኖ አግኝተውት፣ ክምሩን እዚያው ላይ ሠርተው እሳት ለቀውበታል። ጠጋኙ ከክምሩ ሥር የቀለጠውን ገመድ ጎትቶ አወጣ። ቀዳዳ የሌለው ቢሆንም፣ ለስንት ዓመት በስሌት ያሳደድሁትን መስታወት ዘመድ ያን ጊዜ አየሁት። ባለ ከሰሉ ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ጥዬው ወደ ቤት ሄድሁ።

አባቴ እጃቸውን ታጥበው ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«እህ፣ ልጄ፣ እንዴት ሆነልህ?»

«አልተገናኘንም፣ አባባ። ገመዱ ተቃጥሎ ኔትወርክ ጠፋ።»

«ማነው ያቃጠለው?» ብለው ተነሡ። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «የልጄን እንጀራ ያቃጠለ፣ እንጀራ አይውጣለት። ዘሩ አይባረክለት።»

«ይተዉ፣ አይርገሙ፣ አባባ። ዘሩ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀስ ብለው ጭሱ ወደሚታይበት ወደ መንገዱ ዞሩ፤ እጃቸው እንደተዘረጋ ነበር።