ለጋሼ ፈረደ ያልተረጎምኩላቸው

ይህን ለባሌም ለእናቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ጋሼ ፈረደን ከሥራቸው ያስባረርኩ እኔ ነኝ።

የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሃነቪኢም ጎዳና አጠገብ ባለች ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ቢራው እንዳይበላሽ እመረምራለሁ። ጋሼ ፈረደ ከጎንደር የመጡ፣ ጊሎ ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በርሜሎቹን ያጥባሉ። ዕብራይስጡ አልገባ ስላላቸው ከመጥመቂያው ባለቤት ጋር ሲነጋገሩ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ።

ፔሳሕ፣ የአይሁድ ፋሲካ፣ ሲቃረብ አንድ በርሜል ቢራ ኮመጠጠ። ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። ባክቴሪያ መኖሩን ማወቅ አንድ ነው፤ የትኛው እንደሆነና ከየት እንደመጣ መለየት ሌላ ነው። ከቢራው ጠብታ ወስጄ፣ ለባክቴሪያው ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ዘርቼ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አቆየሁት። በማይክሮስኮፕ ሳየው እንደ ክብሪት እንጨት ያሉ ቀጫጭን ዘንጎች ሞልተውታል። ቢራ የሚያኮመጥጡት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ናሙና የምቀዳበትን ቧንቧ ጫፍ ጠርጌ ሌላ ሳህን ላይ ዘራሁ። አበቃቀሉም መልኩም ያው ሆነ፤ በየምርመራው ያው። ያን ቧንቧ በቀዳሁ ቁጥር በአልኮል ጠርጎ በእሳት መለብለብ የእኔ ሥራ ነበር። ቸኩዬ ትቼዋለሁ። እኔ ነኝ የተውኩት። ማንም እንዳያየው ሁለተኛው ሳህን ላይ በረኪና አፈሰስኩበት።

ባለቤቱ ግን በጋሼ ፈረደ ቦርሳ ውስጥ የጠላ ጠርሙስ አይቶ ኖሮ ሁለታችንንም ጠራን። «የቤት ጠላ እዚህ ያመጣል እንዴ? ዛሬ ካመጣ ትናንትም አምጥቷል! ቢራዬን ያበላሸው ይሄ ነው!» አለኝ።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሼ ፈረደ። ነገርኳቸው።

«ጠላው ቡሽ ነቅሎ፣ መሰላል ወጥቶ በርሜል ገባ ወይ? ንገሪው እንጂ ልጄ! ለፔሳሕ የቦካ ነገር ከቤት ይወጣል፤ ሚስቴ ‹ከምደፋው ለአስተማሪዋ ስጥልኝ› ብላ ላንቺ የላከችው ነው። ሌላ ቀን አምጥቼ አላውቅም። ይሄንም አልከፈትኩት። እኔ እድፍ ይዤ ልገባ? በይ ንገሪው!»

ወደ ባለቤቱ ዞሬ ምን አልኩ? «ጠላ አምጥቻለሁ ይላል» አልኩ። ይህን ብቻ። ለእኔ የተላከ መሆኑን ዋጥኩ፤ አለመከፈቱን ዋጥኩ፤ ቧንቧውን ዋጥኩ። «ጠላ ውስጥ ቢራው ላይ ያገኘሽው ዓይነት ባክቴሪያ ይገኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይገኛል» አልኩ። እውነት ነው፣ ይገኛል። ግን የሚመሳሰል ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለተማሪዎቼ የማስተምር እኔ አልነበርኩም?

ፈርቼ ነበር ልበል? ልጅ ነበርኩ ልበል? በእሳቸው ዕድሜ ሌላ ሥራ እንደማይገኝ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

በዚያው ቀን ተባረሩ። «ኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው ጎዳና አብረን ስንሄድ አንገቴን እንደደፋሁ አይተው፣ «አይዞሽ፤ አንቺ የምትችይውን ተናግረሽልኛል። የሰውየው ልብ ነው የደነደነው» አሉኝ። ከዚያ ጠላውን አውጥተው ሰጡኝ። ተቀበልኩ። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

ሌላ ሥራ አላገኙም። ዛሬም የጊሎ አውቶቡስ ላይ ሲያገኙኝ «ያኔ የተሟገተችልኝ ይቺ ናት!» እያሉ ለሰው ያሳዩኛል። እኔም ፈገግ እላለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ? ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ እያመሰገኑኝ ነው።