በስልክ የምትማር ተማሪ ነበረችኝ

በፕላዝማው ዘመን ሶዶ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ማለቴ እንግዲህ ለወጉ ነው። የሚያስተምረው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው፤ የእኔ ድርሻ ከሱ በፊት አሥር ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ ከሱ በኋላ አምስት ደቂቃ ማጠቃለል ነው። ሰውዬው እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። ይጠይቅና መልስ ሳይሰማ "በጣም ጥሩ" ብሎ ያልፋል። እኛ አስተማሪዎቹ ሻይ ቤት በተገናኘን ቁጥር እሱን ማማት ነበር ሥራችን። ልጆቹ ገባቸው አልገባቸው ጉዳዩ አይደለም እያልን እንስቃለን።

እኔ ታዲያ በቀረችኝ አምስት ደቂቃ በሩን ገርበብ አድርጌ በወላይትኛ አስረዳለሁ። ደንቡ እንግሊዝኛ ብቻ ይላል፤ ይበል። ልጆቹ የሚገባቸው ቤታቸው በሚያወሩበት ቋንቋ ከሆነ ምን ላድርግ?

ከፊት ሁለተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፣ የአንድ ለአምስት ቡድኗ መሪ። ያልገባትን ገባኝ ብላ የማታውቅ ድርቅ ያለች ልጅ ነች። እናቷ ገበያ ቅቤ እየቸረቸረች ብቻዋን ነው ያሳደገቻት፤ የሁለቱም ሐሳብ ማትሪኩን አልፋ ፕሪፓራቶሪ መግባቷ ነበር። ማትሪኩ ሁለት ወር ሲቀረው የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠና ጭኗ ተሰበረ።

ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወደ ሁምቦ መውጫ ካለው ቤታቸው ሄደን ጠየቅናት። እግሯ በቀርከሃ ታስሮ ተጋድማለች። ስታለቅስ ያየኋት ስለ እግሯ አልነበረም፤ በየቀኑ ስለሚያመልጣት ትምህርት ነው። እኔም ሆዴ ባባና፣ እውነቱን ለመናገር እናቷ ፊት ትንሽ መኩራትም አማረኝና፣ ክፍሉን እዚህ ድረስ አመጣልሻለሁ አልኳት።

ከማግስቱ ጀምሮ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስልኬን አውጥቼ እናቷ ትታላት የምትሄደው ስልክ ላይ እደውላለሁ። ላውድ አደርገውና በቦታዋ ላይ ደብተር አስደግፌ አቆመዋለሁ። ሁለቱ የዴስክ ጓደኞቿ ቦታዋን አልተስፋፉበትም፤ መሐላቸው ክፍት ትተውት ይቀመጣሉ። ስም ስጠራ "አቤት" የምትለው ከስልኩ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። የቡድን ሥራ ሲሰጥ አምስቱ አንገታቸውን ወደ ስልኩ ደፍተው ይከራከሯታል፣ እሷም ታዝዛቸዋለች። መስመሩ እየተቆራረጠ እንኳ ከክፍሉ ሁሉ አብዝታ የምትጠይቀው እሷ ነበረች። ሻይ ቤት ስገባ ደግሞ እኔን ማን ይቻለኝ! ፕላዝማው አይሰማም፣ የእኔ ግን ይሰማል እያልኩ ጉራዬን እነዛዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ እንደ ልማዴ ደውዬ፣ ስልኩን ቦታው ላይ አቁሜ፣ ፕላዝማውን ከፈትኩት። ወዲያው በሩ ተከፈተና ሁለት ሱፐርቫይዘሮች ከዳይሬክተሩ ጋር ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። በዚያ ሳምንት እንደሚመጡ ሰምቼ ነበር፤ በኔ ክፍል ይጀምራሉ ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። የደረጃ እድገት እየጠበቅኩ ነበር። ልጅቷ ሰዎች መግባታቸውን በምን ታውቃለች? ቀስ ብዬ ሄጄ ስልኩን ብዘጋው፣ ወይም ጎንበስ ብዬ እንግዳ አለ ብላት አንድ ነገር ነበር። ላቤን ስጠርግ ረሳኋት።

ፕላዝማው ሲያልቅ በእንግሊዝኛ አጠቃለልኩ፤ ያን ቀን በወላይትኛ ማን ደፍሮ! ገብቷችኋል ወይ ብዬ ስጠይቅ ሰባው ልጅ ባንድ አፍ "የስ ቲቸር!" አለ። እንዳልገባቸው እኔም እነሱም እናውቃለን። ጸጥ ሲል ከሁለተኛው ዴስክ ያ ድምፅ መጣ፣ በጠራ ወላይትኛ።

"ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም። እንደ ሁልጊዜው በቋንቋችን ይድገሙልን።"

አንደኛው ሱፐርቫይዘር እስክሪብቶውን አነሳ። አፌን በቆረጠው ኖሮ!

"የማን ስልክ ነው ይሄ?" አልኩ ጮክ ብዬ።

የራሴን ስልክ! አንዷ የዴስክ ጓደኛዋ ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች። እኔም ስልኩን አንስቼ ዘጋሁትና ኪሴ ከተትኩት። ለእንግዶቹ ተማሪዎች ስልክ እንዳያመጡ ደጋግመን ብንነግራቸውም እንደማይሰሙ አስረዳሁ፣ በዚያው አንደበቴ። ጥሩ ነጥብ ሰጡኝ።

ከሰዓት ደወልኩ፣ አልተነሳም። በማግስቱ በክፍለ ጊዜው ደወልኩ፣ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ስም ስጠራ የሷ ጋ ስደርስ ዝም ይሉኛል። ሄጄ ማናገር ነበረብኝ፤ ቤቷ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ፣ አኩርፋ ነው፣ ይበርድላታል እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። ፈርቼ ነው እንጂ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

በመጨረሻ ስሄድ በክራንች ደጅ ቆማ አገኘኋት። እናቷ ቦይና የምንለውን ጎደሬ ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልኝ፤ ፊቷ ላይ ቅያሜ አላየሁም። ልጅቷ መጻሕፍቱን ለትምህርት ቤቱ መልሳለች። እግሯ ሲጠናላት ገሱባ ከተማ አክስቷ ሱቅ ልትሠራ ነው። የማትሪኩን ፎርም ሞልተሻልኮ፣ አሥር ቀን አለሽ፣ ገብተሽ ሞክሪው ብዬ ለመንኳት። የቀሩት ምዕራፎች አልገቡኝም አለችኝ። ያን ጊዜም ቢሆን ያልገባትን ገባኝ አላለችም።

ልወጣ ስነሳ በክራንቹ እየተደገፈች እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። እዚያ ስንደርስ መሬት መሬቱን እያየች፣ "ይቅርታ ቲቸር፣ ያን ቀን ሰው ፊት አሳፈርኩዎት" አለችኝ። "እኔም ክፍል ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነው።"

ነበርሽ ልላት ይገባ ነበር። ከሁሉም በላይ አንቺ ነበርሽ ክፍሉ ውስጥ፣ የካድኩሽ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት ይገባ ነበር።

"ግድ የለም" አልኳት። "እኔ ረስቼዋለሁ።"

ይኸው ነው። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ሆኜ ሳለ፣ እሷን ይቅር ብያት ባጃጅ ተሳፈርኩ። ማትሪክ አልተፈተነችም።